የእማማ ኢክራም ቃል

ረምዚ በሩ ፊት ቆሞ፣ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለው ምስክር አረንጓዴ እስኪያበራ ጠበቀ። ደሴ ላይ ጥቅምት ከገባ ምስክሮች ሁሉ ይዘገያሉ፤ ብርዱ ነው ይባላል። ንክኪንና ቃልን የሚመዘግበው ይህ መሣሪያ የክብሪት ሣጥን ያክላል። ማስታመምን በፈቃድ ባደረገው አዋጅ ውስጥ ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን ምስክር ነው የሚለው። ሲበራ ረምዚ ስሙን፣ የፈቃድ ቁጥሩንና የድርጅቱን ስም ተናገረ። ድርጅቱ የላይ ዳገት ቅሬ የቤት ለቤት እንክብካቤ ይባላል። ከዚያ በሩን በክርኑ ገፍቶ ገባ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ እጀታ አይነካም።

እማማ ኢክራም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተኝተዋል። ትናንት ማታ እሱ እንዳስተኛቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሊያገላብጣቸው የተፈቀደለት ሌላ ሰው ስለሌለ፣ በሌላ አኳኋን ተኝተው ሊገኙ አይችሉም።

«ንክኪ ሊጀመር ነው» አለ ምስክሩ በሴት ድምፅ። «ታካሚ፣ ይፈቅዳሉ?»

«ቢስሚላህ በይ» አሉ እማማ ኢክራም።

በየቀኑ የሚሰጡት መልስ ይኸው ነው። ምስክሩ ይህን እንደ ፈቃድ መቁጠር የጀመረው ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ለፈቃድ ቢሮው ተደጋጋሚ አቤቱታ ካቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ረምዚ እጁን እንደዘረጋ ቆሞ፣ አሮጊቷና መሣሪያው እስኪግባቡ ይጠብቅ ነበር።

አንድ እጁን ከትከሻቸው ሥር፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ወደ ራሱ ሳባቸው። ከሸሚዙ ሥር ወገቡ በሚስቱ በሒክማ መቀነት ታስሯል። ሒክማ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ አስደግፋ፣ ጉልበቷን ጀርባው ላይ ተክላ ነው የምትስብለት። ስትስብ ሁለቱም አይነጋገሩም። ልጆቹ አባታቸው ወፍራም ሸሚዝ የሚወድ ይመስላቸዋል።

ጀርባቸው ላይ ያለውን ቁስል አጠበ፤ ቀባ፤ ሸፈነ። አንሶላውን ቀየረ። በትራስ ደግፎ አጥሚት አጠጣቸው። እያንዳንዱን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስሙን ይጠራል፤ ሲጨርስም ይጠራል። በመጨረሻ እጁን አንሥቶ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ንክኪ አበቃ» አለ ምስክሩ። «ታካሚ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ?»

ምስክሩ አልመለሰም። ደህና የሚለውን ቃል መዝግቦ ጠፋ።

እማማ ኢክራም ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በራሳቸው ተነሥተው ተቀምጠው አያውቁም። አጠገባቸው ያለ ብርጭቆ ላይ እጃቸው አይደርስም። ቁስላቸው ከቀን ወደ ቀን ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ይህን ሁሉ ረምዚ ያውቃል፤ ጎረቤት ያውቃል፤ ሐኪሙም ያውቃል። ከዘንድሮ ጀምሮ ግን የሚቆጠረው የእነሱ ማወቅ አይደለም።

ነገሩ በደግ ሐሳብ ነው የተጀመረው። በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ድርጅቶች የሞተ ሰው ሲያስታምሙ፣ ማለትም እያስታመምን ነው ብለው ሲያስመዘግቡ ተገኙ። መንገድ የሄደ ጤነኛ ሰው አልጋ ላይ ነው ተብሎ የተጻፈበትም ነበር። ስለዚህ ከሐኪምም ከድርጅትም ይልቅ የታካሚው የራሱ ቃል ይታመን ተባለ። ያመመውን ሰው ከራሱ በላይ ማን ያውቀዋል? የተቃወመ አልነበረም። የላይ ዳገት ቅሬ ሰብሳቢ ሐጂ ሙኒር እንኳ በስብሰባው ላይ እጃቸውን ከፍ አድርገው ደግፈዋል።

ያልታሰበው፣ እዚህ አገር የታመመ ሰው ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሚመልስ ነው። ሙስሊሙ አልሃምዱሊላህ ይላል። ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ከዚያ ሁለቱም ደህና ነኝ ይላሉ። እግሩ የተቆረጠ ሰው ደህና ነኝ ይላል። ትንፋሽ ያጠረው ሰው፣ ትንፋሹን ጠብቆ፣ ደህና ነኝ ይላል። እንክብካቤው ይቀጥል እንደሆነ የሚወስነው የዕድሳት ምርመራ በመስከረም ሲጀመር በላይ ዳገት ብቻ ብዙ አልጋዎች ተሰረዙ። የከተማዋ አዛውንት በአገሪቱ ከሁሉ ጤነኞች ተብለው ተመዘገቡ። ከንቲባው ዋንጫ ተቀበሉ። ዋንጫው ፒያሳ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጧል፤ ልጆች ያዩታል።

የተሰረዘ ሰው ቤት ባለፈቃድ አስታማሚ አይገባም። ፈቃድ የሌለው ደግሞ አንዴ የተመዘገበን ሰው፣ ቢሰረዝም እንኳ፣ ቢነካ ያስጠይቀዋል። ስለዚህ የተሰረዘው ሰው ብቻውን ይሰነብታል፤ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ነጩ መኪና መጥቶ ማዕከል ወደሚባለው የሕሙማን ማቆያ ይወስደዋል። ማዕከሉ ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ነው። ማዕከሉ ቃል አይጠይቅም። የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል።

የእማማ ኢክራም ጎረቤት ጋሽ ናሆም መስከረም መጨረሻ ላይ ደህና ነኝ ብለው ተሰረዙ። ብዙም ሳይቆዩ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተገኙ። አሁን ኮምቦልቻ ናቸው። የጠየቃቸው ሰው ሁሉ ደህና ነኝ እንዳሉት ይናገራል።

ማዕከሉ ድሮ ልብስ ይሰፋባቸው የነበሩ ትልልቅ ሼዶች ናቸው። እማማ ኢክራም በወጣትነታቸው እዚያ ሱሪ ሰፍተዋል። ሙሉ ሱሪ አልነበረም፤ የቀኝ እግሩን ብቻ ነበር። የግራውን የምትሰፋው ልጅ ሌላ ረድፍ ላይ ስለነበረች፣ ስሟን ሳያውቁ ነው ሥራውን የለቀቁት። ማዕከል የሚባለው እሱ መሆኑን ሲሰሙ ለረምዚ አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረዋል፤ ያ ሼድ ወጣትነቴን በልቷል፣ ሽበቴን አልሰጠውም አሉ። ደግመው አላነሡትም።

ቅሬው በዱሮ ጊዜ ሥራው መቅበር ነበር። የሞተውን ይቀብራል፤ የታመመውን በተራ ያስታምማል። አዋጁ ሲወጣ ፈቃድ አውጡ ወይም ከበሽተኛ ራቁ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ሲነጋገሩ ከርመው ፈቃድ አወጡ። ሐጂ ሙኒር ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከአባላቱ መካከል ፈተናውን ያለፉት አስታማሚዎች ሆኑ፤ ግንበኛ የነበረው ረምዚ አንዱ ነው። ሌሎቹ ጠያቂ ተባሉ። ጠያቂ በታካሚ ቤት ወለል ላይ ከተቀባው ቢጫ መስመር ወዲህ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ያመጣውን ሙዝ መስመሩ ላይ ያኖራል፤ ያጫውታል፤ ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት እትዬ ፌቨን የሚባሉት ጎረቤት መስመሩን አለፉ። የእማማ ኢክራም ከንፈር ደርቆ አይተው ውሃ አጠጧቸው። ረምዚ ሥራ ላይ ስለነበር ምስክሩ ያልተፈቀደ ንክኪ ብሎ መዘገበ። እትዬ ፌቨን ሥልጠና ተላኩ። ሲመለሱ፣ በአግባቡ መጠየቅን መማራቸውን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይዘው መጡ። ሳሎናቸው ውስጥ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ «ሰው አለመንካት ተምሬ የተመረቅሁበት ነው» ብለው ያሳያሉ።

ስረዛው ሲበዛ ሐጂ ሙኒር ልምምድ ይደረግ አሉ። የቅሬው የኀዘን ድንኳን ሜዳው ላይ ተተከለ። መንገደኛው ሁሉ ማን ሞተ እያለ ይጠይቅ ነበር፤ የሞተ የለም፣ ማማረር እየተማርን ነው ይባላል። አዛውንቱ በወንበርና በቃሬዛ መጡ። ሐጂ ሙኒር እንደ ምስክሩ ድምፃቸውን አቅጥነው፣ ዛሬ እንዴት ነዎት እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ።

የመጀመሪያው አባባ ቢኒያም ነበሩ፤ በጊዜያቸው የእግር ኳስ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ወገቤን አሉ፤ ጉልበቴን አሉ፤ ኩላሊቴን አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁና፣ «ተመስገን፣ ግን ደህና ነኝ» ብለው ጨረሱ። ምስክሩ ከአንድ መልስ የሚይዘው የመጨረሻውን ቃል ነው። እንደገና ተሞከረ። እንደገና ተመስገን አሉ። አፋቸው እንደ ሰለጠነ በቅሎ መንገዱን ያውቃል።

ሌሎቹም እንዲሁ ሆኑ። የራሱን ሕመም አሟልቶ የተናገረ አልተገኘም። የሌላውን ሲሆን ግን ማንም አልተቸገረም። እኔስ ደህና ነኝ፣ እሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው የሚያድረው ይላሉ። እሷ ደብቃ ነው እንጂ ዓይኗ አያይም ይላሉ። ሐጂ ሙኒር አንዱ ስለ ሌላው ይናገር ዘንድ ይፈቀድልን ብለው ለቢሮው አመለከቱ። ታካሚ ስለ ሌላ ታካሚ ጤና የሚሰጠው ቃል ዋጋ የለውም የሚል መልስ መጣ።

የእማማ ኢክራም ተራ ሲደርስ ዝም ብለው ሐጂ ሙኒርን አዩዋቸው። ሐጂ ሙኒር በልጅነታቸው እማማ ኢክራም ሱሪያቸውን የጣፉላቸው ሰው ናቸው። የቀጠነ ድምፃቸውን ትተው በራሳቸው ድምፅ፣ እባክዎ አሉ። እማማ ኢክራም ሻሻቸውን አስተካከሉና ብርድ ሆኗል፣ ወደ ቤት መልሱኝ አሉ።

የምርመራው ቀን ሐሙስ ነው ተባለ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ረምዚ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ምስክሩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተ፤ እንደገና ገባና እንደ ጠያቂ ከቢጫው መስመር ወዲህ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳይመዘገብ ማውራት የሚቻለው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ዓይናፋር ሰው ስለሆነ መስመሩን እያየ ጀመረ።

«እማማ፣ ነገ መርማሪዋ ትመጣለች።»

«ትምጣ። እንግዳ ናት።»

«አንዲት ቃል ናት። አመመኝ ይበሉ። ይበሉና ዝም ይበሉ።»

«ለማን ነው የምለው?»

«ለቢሮው።»

«ቢሮው ሊፈውሰኝ ይችላል?»

ረምዚ መዋሸት አልቻለበትም። «አይችልም» አለ።

«ታዲያ የማይፈውሰኝ ዘንድ ሄጄ የሚፈውሰኝን ልክሰስ?» አሉ። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ ለልጅ የሚያስረዱ ያህል ነበር። እናታቸው በዚሁ ክፍል ለዓመታት ተኝታ እንደሞተች፣ አንድ ቀን እንኳ አፏን እንዳላበላሸች ነገሩት።

«እናትዎ በዙሪያቸው ሰው ነበራቸው» አለ ረምዚ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ጸጸተው።

 «አንተስ ረምዚዬ፣ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«አየህ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ዳሌያቸው ድረስ ወርዶ አሳመማቸው፤ ፊታቸው ሲጨማደድ አየ። 

ሐሙስ ረፋድ ላይ መርማሪዋ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ መጣች። ሶሊያና ትባላለች፤ የዚያው ከተማ ልጅ ናት። ሦስት ቤቶችን ጨርሳ ነው የመጣችው። መመሪያው መርማሪ ምስክሩን በር ላይ አብርቶ፣ ሰላምታ ሳይሰጥ ገብቶ፣ በቀጥታ እንዲጠይቅ ያዝዛል። ሰላምታ ቃልን ያበላሻል ይላል። እሷም እንደታዘዘችው አደረገች። አንደኛው ቤት ግን ዝም ብላ ስትገባ ሰዎቹ መርዶ ይዛ የመጣች መሰላቸው፤ ጩኸታቸውን ለማስቆም ብዙ ደከመች። ሁለተኛው ቤት አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ ብትሆን ነው እንዲህ ያለ ጠባይ ያላት ብለው ዘመዶቿን ቆጠሩባት። በሦስተኛው የሆነውን ለማንም አልተናገረችም።

የእማማ ኢክራምን በር ስትገፋ ሐጂ ሙኒር ከመስመሩ ወዲህ ቆመዋል። ረምዚ አልጋው አጠገብ ነው። ክፍሉ ተጠርጓል፤ እማማ ኢክራም ንጹሕ ሻሽ አስረዋል። ሶሊያና አልጋው ላይ ያለውን ትንሽ ሰውነት አየች። ደክሟት ስለነበር ይሁን፣ ወይም እናቷ ቤት የገባች ስለመሰላት፣ አፏ ከመመሪያው ቀደመ።

«እንደምን ነዎት እማማ፣ ተሻለዎት?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺስ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ ተመስገን…» ብላ አቆመች።

ደረቷ ላይ ያለው ምስክር ብልጭ አለ። «የታካሚ ቃል ተመዝግቧል» አለ።

ሐጂ ሙኒር ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ረምዚ ወለሉን አየ። ሶሊያና ጣቷ ምስክሩ ላይ እንዳለ ቆማ ቀረች። የተመዘገበ ቃል አይሰረዝም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መዝገቡ ሊዘጋ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ እሱም ለወጉ የሚጠየቅ ነው። ድምፅዋን አጥርታ ጠየቀች።

«እማማ፣ የሚጨምሩት አለ?»

«አለኝ» አሉ እማማ ኢክራም።

ሁሉም ቀና አለ።

«ይሄን ልጅ እዪልኝ። ወገቡን ታሟል። እኔን ሲያነሣ ጥርሱን ያፋጫል፤ ጆሮዬ ደረቱ ላይ ስለሚሆን እሰማዋለሁ። ለሰው አይናገርም። ልጆች አሉት። እባክሽ አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፣ አሳክሚው።»

ይህን ሲሉ ማማረር አልመሰላቸውም። አልነበረምም። ስለ ሌላ ሰው ነው የተናገሩት።

ምስክሩ ጥቂት ቆየ። ታካሚ ስለ አስታማሚው የሚያቀርበው ቃል በአዋጁ ከፍ ያለ ቦታ አለው። «ታካሚ» አለ፣ «አስታማሚው የሚያነሣዎት ለምንድን ነው?»

«እና ማን ያነሣኛል? ዳሌዬ ተሰብሯል፤ ራሴን አላነሣ» አሉ፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደሚል ሰው።

«ቃሎቹ ይጋጫሉ» አለ ምስክሩ። «አስታማሚ፣ ታካሚዋ የተናገሩት እውነት ነው? ወገብዎን ያምዎታል?»

ረምዚ ለፈተና ሲዘጋጅ አንቀጾቹን በቃሉ አጥንቷቸዋል። አያመኝም ቢል የእማማ ኢክራም የኋለኛው ቃል ሐሰት ሆኖ ይወድቃል፤ የፊተኛው ይጸናል፤ ደህና ናቸው ይባላል። ነጩ መኪና ዳገቱን ይወጣል፤ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ሳምንት። ያመኛል ቢል የኋለኛው ቃላቸው ይጸናል፤ አልጋቸው ላይ ይቆያሉ። የእሱ ፈቃድ ግን ይሄዳል። ወገቡን የታመመ ሰው ሰው አያነሣም፤ እንደገና ማመልከትም የለም። ወደ ግንበኝነት እንዳይመለስ የሚከለክለውም ያው ወገብ ነው። ሶሊያናም ይህን ታውቃለች። ሐጂ ሙኒርም ያውቃሉ። አልጋው ላይ ያሉት ብቻ አያውቁም፤ ደግ እንዳደረጉ ሰው ፈገግ ብለው ያዩታል።

ደህና ነኝ የሚለው ቃል ሳይጠራው መጥቶ ጥርሱ ሥር ቆሟል። በዕድሜው ሁሉ ሌላ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ለሒክማ ደህና ነኝ ብሏል። ለሐጂ ሙኒር ብሏል። በዓመታዊው የአስታማሚዎች ምርመራ፣ ማስታገሻ ውጦ ቀጥ ብሎ ቆሞ ብሏል። ትናንትም እዚሁ ክፍል ውስጥ ብሏል።

«ያመኛል» አለ።

ያ ብቻ ይበቃ ነበር። እሱ ግን መቆም አቃተው። ሲያስል እንደሚያመው ተናገረ። ካልሲ ማጥለቅ እንዳቃተው፣ ሒክማ እንደምታጠልቅለት ተናገረ። መሬት ላይ እንደሚተኛ፣ ሲነሣ መጀመሪያ በጉልበቱና በእጁ እንደ ሕፃን እንደሚሆን ተናገረ። ልጁ እሽኮኮ በለኝ ስትለው ሥራ አለብኝ ብሎ እንደሚወጣ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሰው እንዳይሰማው እንደሚቆጥር ሰው ዝቅ አድርጎ፣ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይጀምር ነበር። ሶሊያና ወደ መስኮቱ ዞረች። ሐጂ ሙኒር ሰምተው የማያውቁትን ነገር እንደሚሰሙ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ምስክሩ ሁሉንም ተቀበለ።



«የታካሚ እንክብካቤ ጸድቋል» አለ ምስክሩ። «የአስታማሚ ፈቃድ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ተሰርዟል። ንክኪ አይፈቀድም። ድርጅቱ ነገ ጠዋት ተተኪ ይመድባል።»

እማማ ኢክራም ንግግሩ ፈጥኖባቸው ነበር። «ምን አለች?» ብለው ረምዚን ጠየቁት።

ረምዚ ጓንቱን እያወለቀ ነበር። መዋሸት የማይችልበት ሰው አንድ ጊዜ ቻለበት። «እረፍት ሰጥታኛለች፣ እማማ» አላቸው። «ይታከም ነው ያለችው።»

«እሰይ» አሉ። «እኔ እኮ ነግሬያታለሁ።» ከዚያ ወደ ሶሊያና ዞረው መረቋት። ልጅ ይስጥሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፣ ከሹማምንት ዓይን ይጠብቅሽ አሉ። ሶሊያና እያንዳንዱን ምርቃት አሜን እያለች አንገቷን ደፍታ ተቀበለች።

ሐጂ ሙኒር ከረምዚ ጋር ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው በዝግታ ተነጋገሩ። ቅሬው እንደማይረሳው፣ ድንኳን ጠባቂነት እንኳ ቢሆን እንደሚፈልጉለት ነገሩት። ድንኳን ጠባቂ እንዳለ ሁለቱም ያውቃሉ። ረምዚ እሺ አለ።

የቀረው ነገር እንዲህ ነበር፤ እማማ ኢክራም በዚያው ጎናቸው ከተኙ ብዙ ቆይተዋል፤ ቀትር ላይ መገላበጥ አለባቸው። ካልተገላበጡ ቁስሉ እስከ ነገ ይብሳል። ተተኪው ነገ ነው። ሐጂ ሙኒር ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ የመንካት ፈቃድ የላቸውም። ሶሊያና መርማሪ ናት፤ እሷም የላትም። ረምዚ አሁን የለውም። ሦስት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች ከቢጫው መስመር ወዲህ ተደርድረው ቆመው አልጋውን አዩ። 

 የእማማ ኢክራም እጅ የአንሶላውን ጠርዝ ጨብጧል።

ሶሊያና የራሷን ምስክር ከአንገቷ አወጣች። ወደ ረምዚ ቀርባ የእሱንም አወጣች፤ ፈቃዱ የተሰረዘበትን ሰው መሣሪያ መረከብ ሥራዋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያዘቻቸው።

«ቢሮ መደወል አለብኝ» አለች። «እዚህ ውስጥ ኔትወርክ የለም።»

ኔትወርክ ነበር። ሐጂ ሙኒር ነገሩ የገባቸው ቀስ ብሎ ነው። የዙሁር ሶላት ደርሷል፣ ውዱእ ላድርግ አሉና ተከትለዋት ወጡ። በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

ረምዚ ባዶ እጁን በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ ወደ አልጋው ሄደ። ያለ ጓንት ነክቷቸው አያውቅም ነበር። ቆዳቸው ከጠበቀው በላይ ሞቃት ነው። አንድ እጁን ከትከሻቸው፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ሥር አስገባ። ማንም ይጀመር አላለም፤ ስለዚህ እስትንፋሳቸውን ሰምቶ፣ ሲያወጡ ጠብቆ ሳባቸው። ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቦታውን ለቀቀ። በዚህ ጊዜ ጥርሱን አላፋጨም፤ ድምፅ አወጣ። እሳቸውም አወጡ። የማን እንደነበር የማይለይ አንድ አጭር ድምፅ ሆነ።

ወደ ግድግዳው አዙሮ አስተኛቸው። ከጀርባቸው ትራስ አደረገ። ብርጭቆውን እጃቸው ባይደርስበትም ጠጋ አደረገው። እማማ ኢክራም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ሂድ እንግዲህ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሻሻቸውን አስተካክሎላቸው ወጣ።

ግቢው ውስጥ ሐጂ ሙኒር በቧንቧው አጠገብ ጎንበስ ብለው እግራቸውን ያጥባሉ። ሶሊያና አጥሩ ጋ ለቤቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ስልኳ እጇ ላይ ነው፤ አልበራም። ረምዚ አጠገቧ ሲያልፍ አልዞረችም።

ከበሩ ውጭ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ወደ ታች ሲረግጥ ወገቡ ስለማይችል፣ ሰው በሌለበት ጊዜ የኋሊት ነው የሚወርደው። ሰው ካለ ቀጥ ብሎ፣ እያንዳንዱን ድንጋይ እየቆጠረ ይወርዳል። ዛሬ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ከገበያ የሚመለሱ አሉ፤ እትዬ ፌቨን በራቸው ላይ ቆመዋል። ረምዚ ቆመና ፊቱን ወደ ዳገቱ አዞረ። በአንድ እጁ አጥር፣ በሌላው ወገቡን ይዞ፣ ሁሉም እያዩት፣ የኋሊት መውረድ ጀመረ።